ዲካ ኒውሊን፦ ከሾንበርግ ተማሪነት እስከ ፓንክ ሮክ መድረክ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የፕሮፌሰር ዲካ ኒውሊን ስም ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወራው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ፀጉራቸውን ብርቱካንማ ቀለም ተቀብተውና የቆዳ ልብስ ለብሰው በፓንክ ሮክ መድረክ መቆማቸው ነው። ወሬው እውነት ቢሆንም ከዚያ በፊት የነበረውን የስድሳ ዓመት የሙዚቃ ሥራ ስለሚሸፍን ጎዶሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ያንን ጉድለት ለመሙላት የተጻፉ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

ዲካ ኒውሊን ማን ነበሩ?

አሜሪካዊት የሙዚቃ ደራሲ፣ ፒያኒስት፣ የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ፣ ተርጓሚና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። ኖቬምበር 22 ቀን 1923 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተወለዱ፤ ጁላይ 22 ቀን 2006 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ በ82 ዓመታቸው አረፉ። ወላጆቻቸው የትምህርት ሰዎች ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ወደ ሚሺጋን ግዛት ተዛውሮ አባታቸው በዚያ በኮሌጅ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ሦስት ኦፔራዎች፣ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ፒያኖና ኦርኬስትራ አብረው የሚጫወቱት ሥራ) እና በርካታ የቻምበር ሙዚቃ (ለጥቂት ተጫዋቾች የሚጻፍ) ሥራዎችን ደርሰዋል።

በልጅነታቸው ከእኩዮቻቸው እጅግ ቀድመው ተምረዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ8 ዓመታቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በ12 ዓመታቸው አጠናቅቀው፣ አባታቸው ወደሚያስተምሩበት የሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ የገቡት ሌሎች ልጆች ገና መካከለኛ ክፍል ላይ ባሉበት ዕድሜ ነበር። ፒያኖ የጀመሩት በ6 ዓመታቸው ሲሆን፣ በልጅነታቸው የደረሱትን አጭር የእሹሩሩ ሙዚቃ የሲንሲናቲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲጫወተው እሳቸው ገና 11 ዓመታቸው ነበር። ፒያኖን ኋላ ላይ ከአርቱር ሽናቤልና ከሩዶልፍ ሰርኪን ተምረዋል፤ ሁለቱም በዘመኑ በቤትሆቨን አጨዋወታቸው ከሚከበሩት መካከል ነበሩ።

ከአርኖልድ ሾንበርግ ጋር የተገናኙት እንዴት ነው?

ሾንበርግ በ1874 በቪየና የተወለዱ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ በመሆናቸው በበርሊን የነበራቸውን የማስተማር ቦታ አጥተው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ከ1936 ጀምሮ እስከ 1944 ድረስም በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ዲካ ኒውሊን ወደ እሳቸው የሄዱት በ1938 ነው። ያኔ ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ እጅግ ትንሿ ነበሩ፤ የማስተርስ ዲግሪያቸውንም በ1941 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ።

በእነዚያ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ ይህ ለሙዚቃ ታሪክ ትልቅ ዕድል ሆኗል። መምህሩ በክፍል የተናገሩት፣ የተቆጡበት፣ የቀለዱበትና የተማሪን ሥራ ያረሙበት ሁሉ በዚያ ማስታወሻ ተመዝግቧል። ጸሐፊዋ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ስለነበሩ መምህራቸውን «አጎት አርኖልድ» እያሉ ይጠራሉ፤ አንድ ቀን ሲያደንቋቸው በማግስቱ ይበሳጩባቸዋል። ማስታወሻው በ1980 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ስለ ሾንበርግ ብዙ ምሁራዊ ጥናት ቢኖርም፣ እኚህ ሰው በክፍል ውስጥ ቆመው እንዴት እንደሚያስተምሩ በዚህ ያህል ቅርበት የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል።

ሾንበርግ ያስተማሯቸው የራሳቸውን አዲስ ሙዚቃ ነው?

ብዙ አንባቢ እንዲህ ይገምታል፤ ነገሩ ግን የተለየ ነው። ሾንበርግ የሚታወቁት በባለ 12 ድምፅ ዘዴያቸው ነው። በዚህ ዘዴ ደራሲው በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ባለው ርቀት) ውስጥ ያሉትን 12 ድምፆች በመረጠው ቅደም ተከተል ይደረድራል፤ ከዚያም ያን ድርድር በቀጥታ፣ ወደ ኋላ፣ ተገልብጦና ተገልብጦ ወደ ኋላ እየተጠቀመ፣ ከማንኛውም ድምፅ እያስነሳ ሙሉ ሥራ ይገነባል። አራቱ ቅርጾች እያንዳንዳቸው ከ12ቱ ድምፆች መነሳት ስለሚችሉ ከአንድ ድርድር 48 መልኮች ይገኛሉ። ዓላማው አንዱ ድምፅ የሌሎቹ ማረፊያና ገዢ ሆኖ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ በካሊፎርኒያ ክፍላቸው ይህን ዘዴ ለተማሪ አይሰጡም ነበር። የሚያስተምሩት ሃርመኒ (ድምፆችን በአንድነት ማቀናጀት)፣ ካውንተርፖይንት (የተለያዩ ዜማዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ) እና የሙዚቃ ሥራዎች ትንተና ሲሆን፣ የሚጠቀሙባቸውም ምሳሌዎች የባህ፣ የሞዛርት፣ የቤትሆቨንና የብራምስ ሥራዎች ነበሩ። ተማሪ አዲስ መንገድ መጀመር ቢፈልግ በቅድሚያ የቆየውን እስከ ሥሩ ድረስ እንዲያውቀው፣ ከዚያም የራሱን ውሳኔ ራሱ እንዲወስን ይጠብቁ ነበር። በእኔ እምነት ዲካ ኒውሊን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው በሪችመንድ ያደረጉት ሁሉ የሚነበበው ከዚህ ትምህርት በመነሳት ነው።

በምሁርነታቸው ምን አበረከቱ?

በ1945 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ በዩኒቨርሲቲው በሙዚቃ ጥናት ዘርፍ የመጀመሪያው ዶክትሬት እንደሆነም ይነገራል። የመመረቂያ ጥናታቸው በ1947 መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም፣ በቪየና የሠሩትን የሦስት ደራሲያን፣ የብሩክነርን፣ የማህለርንና የሾንበርግን ሥራዎች በአንድ መስመር አያይዞ የሚያጠና ነበር። ይህ በዘመኑ ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። ማህለር በአሜሪካ የኮንሰርት አዳራሾች እንደ ዛሬው የማይለመዱበት ጊዜ ነበር፤ ሾንበርግን ደግሞ ብዙ አድማጭ የሚያያቸው የነበረውን ሁሉ እንዳፈረሰ ሰው አድርጎ ነበር። ወጣቷ ተመራማሪ ግን አፍራሽ የተባለው ሰው የቪየና ትውፊት ሕጋዊ ወራሽ መሆኑን ከኖታው እያወጡ ተከራከሩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በተርጓሚነትና በአርታኢነት ሠርተዋል። ሬኔ ሌቦቪትዝ ስለ ሾንበርግና ስለ ተከታዮቹ በፈረንሳይኛ የጻፉትን መጽሐፍ በ1949 በእንግሊዝኛ አቀረቡ፤ በ1950 የታተመውን የሾንበርግን የራሳቸውን ድርሰቶች ስብስብ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ የሙዚቃ ተማሪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሾንበርግን ያወቀው በአመዛኙ በዲካ ኒውሊን እጅ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ሥራቸው ከቆዳው ልብስ ያነሰ መወራቱ ያሳዝነኛል።

የት የት አስተማሩ?

በሜሪላንድ፣ በሰራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ፣ በኒው ጀርሲ በድሩ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜን ቴክሳስና በሞንትክሌር አስተምረዋል፤ በድሩ ከ1952 እስከ 1965፣ በሰሜን ቴክሳስ ደግሞ ከ1965 እስከ 1973 ቆይተዋል። ወደ ድሩ ከመግባታቸው በፊት በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ ኦስትሪያ ሄደው ነበር። በመጨረሻም በ1978 ወደ ሪችመንድ መጥተው በቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2004 ድረስ አስተማሩ።

ፓንክ ሮክ ምንድን ነው? ሪችመንድስ ከእሱ ጋር ምን አገናኛት?

ፓንክ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን የተነሳ የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ነው። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፤ ሦስት ወይም አራት ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች ስብስብ)፣ ፈጣን ምት፣ የሚጮኽ ድምፅና ያልተሸፋፈነ ግጥም ይበቃቸዋል። ራሞንስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ውስጥ 14 ዘፈኖች ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃሉ። ከድምፁ ባልተናነሰ የፓንክ መለያ የሆነው አመለካከቱ ነው፦ ማንም ሰው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ባንድ ማቋቋም፣ ካሴት መቅዳትና መድረክ ላይ መውጣት ይችላል።

ሪችመንድ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ኮንፌዴሬሽን ዋና ከተማ እንደመሆኗ ለወግ የምታደላ ከተማ ተብላ ትታሰባለች። መሀሏ ላይ ግን ትልቅ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዙሪያውም የሠዓሊዎች፣ የቀራፂዎችና የሙዚቀኞች ሠፈር አድጓል። በ1984 የተመሠረተውና አባላቱ እንደ ጭራቅ ለብሰው የሚጫወቱት ጓር የተባለው ባንድ የወጣው ከዚሁ የተማሪዎችና የሠዓሊዎች ክበብ ነው። ዲካ ኒውሊን ያስተምሩ የነበረው እዚያው ነው፤ ፓንክን ለማግኘት ከግቢያቸው ብዙ መራቅ አላስፈለጋቸውም።

ወደ ሮክና ወደ ፓንክ የገቡት መቼና እንዴት ነው?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ስድሳዎቹን ሲጀምሩ፣ አፖካውሊፕሶ በተባለ የሪችመንድ ባንድ ውስጥ ከእሳቸው በብዙ ዓመት ከሚያንሱ ሙዚቀኞች ጋር መጫወት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በስማቸው መዝፈናቸውንና የራሳቸውን ዘፈኖች መድረሳቸውን ቀጠሉ፤ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው በከተማዋ የምሽት መድረኮች የታወቁ ፊት ነበሩ። ቀን ቀን ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያስተምራሉ። ይህ ድርብ ሕይወት አንድ ሰሞን ታይቶ የጠፋ ሙከራ አልነበረም፤ ከጡረታ በፊት የነበሩትን የመጨረሻ ሃያ ዓመታት ገደማ የያዘ ነው።

በሰሜን ቴክሳስ ሳሉ ለኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃና ድምፅን ከምስል ጋር ለሚያቀናጁ ሥራዎች ትኩረት ሰጥተው እንደነበር መታወስ አለበት። ስለዚህ ወደ ሮክ መድረክ ያደረሳቸው መንገድ በአንድ ሌሊት የተከፈተ አይደለም። አዲስ የድምፅ ምንጭ ባገኙ ቁጥር እጃቸውን መዘርጋት የቆየ ልማዳቸው ነበር።

መድረክ ላይ ምን ይመስሉ ነበር?

ብርቱካንማ ፀጉርና የቆዳ ልብስ መለያቸው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ኤልቪስ ፕሬስሊን መስለው ይዘፍኑ ነበር። ድምፃቸው የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ አይደለም፤ እንዲያ ለማስመሰልም አይሞክሩም። ግጥሙን እንደ መናገር፣ እንደ መጮኽና እንደ ማዜም አድርገው ያወጡታል። ይህን የሰማ ሰው «ዕድሜ የተጫነው ዘፋኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን የዚህ አዘፋፈን ምንጭ ሌላ ቦታ ነው፤ ይህም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያመጣናል።

ክላሲካል ሙዚቃን ትተው ነው ወደ ፓንክ የሄዱት?

አልተዉትም። ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ሰፊ መልስ የሚገባውም ይኸው ነው።

ሾንበርግ በ1912 «ፒዬሮ ሉኔር» የተባለውን ሥራቸውን ጻፉ፤ የመጀመሪያው ዝግጅትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር 16 ቀን በበርሊን ቀረበ። ሥራው በሰባት በሰባት የተከፈሉ 21 ግጥሞች ሲኖሩት፣ አምስት ተጫዋቾች ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎችን እየተቀያየሩ ይጫወታሉ፤ ፍሉት የሚነፋው ፒኮሎ፣ ክላርኔት የሚነፋው ባስ ክላርኔት፣ ቫዮሊን የሚጫወተው ደግሞ ቪዮላ ያነሳል። ግጥሙን የምታቀርበው ሴት ግን አትዘፍንም፤ ዝም ብላም አትናገርም። በኖታው ላይ የድምፅዋ ምልክቶች በመስቀል ተሰርዘው ይታያሉ። ሾንበርግ በመግቢያቸው እንደሚያዝዙት፣ አቅራቢዋ የተጻፈውን ድምፅ ነካ አድርጋ ወዲያው ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ ምቱን ግን በትክክል ትጠብቃለች። ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ያደገ አንባቢ፣ የተፎካሪው ድምፅ ከንግግር ተነስቶ ዜማ ሊሆን ሲል እንዴት መልሶ እንደሚሰበር ቢያስታውስ፣ ሾንበርግ የፈለጉትን ነገር በጆሮው ለመገመት አይቸገርም።

የግጥሞቹ ይዘት ደግሞ ለስላሳ አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው ግጥም ፒዬሮ የተባለው ቀልደኛ የሽማግሌውን የካሳንደርን ራስ ቅል በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ሰውየው በጩኸት ላይ እያለ በቀዳዳው የቱርክ ትምባሆ ይጠቀጥቅበታል፤ ከዚያም ቧንቧ ሰክቶ በራስ ቅሉ ዘና ብሎ ያጨሳል። ሰባ ዓመት ቆይቶ የመጣ የፓንክ ዘፋኝ ከዚህ የባሰ ግጥም ቢጽፍ አስደንጋጭ ተብሎ ይወገዝ ነበር፤ ይህኛው ግን ዛሬ በኮንሰርት አዳራሽ ጥቁር ልብስ ለብሰው በሚቀመጡ ሰዎች ፊት ይቀርባል።

በአድማጭ በኩል የሆነውም ቢሆን ያው ነው። ማርች 31 ቀን 1913 በቪየና የሙዚክፌራይን አዳራሽ ሾንበርግ የራሳቸውንና የተማሪዎቻቸውን ሥራዎች እየመሩ ሲያቀርቡ፣ ተቃዋሚና ደጋፊ አድማጮች በጩኸት ጀምረው በጥፊ ተያያዙ፤ የተማሪያቸው የአልባን ቤርግ ዘፈኖች ከተሰሙ በኋላ ዝግጅቱ ተቋረጠ፤ በመጨረሻ ሊቀርብ የታቀደው የማህለር ሥራም ሳይሰማ ቀረ። ዲካ ኒውሊን ይህን ታሪክ ከማንም በተሻለ ያውቁ ነበር፤ ሥራዎቹን ከራሳቸው ከደራሲው ተምረዋል፣ ጽሑፎቹንም ተርጉመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል የሚጮኽ ዘፈን ሲሰማ «ይህ ሙዚቃ አይደለም» ለማለት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1999 በቴክሳስ ግዛት በለበክ ከተማ «ፒዬሮ ሉኔር»ን በራሳቸው የእንግሊዝኛ ትርጉም አቀረቡ። ያኔ በሰባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ፤ በሪችመንድ መድረኮችም ለዓመታት ሲጮኹ ቆይተዋል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጉሮሮ የተሠሩ ናቸው፤ ለዚህ ነው ፓንኩን ከክላሲካሉ ለይቶ በሌላ ምዕራፍ ማስቀመጥ ስሕተት የሚሆነው። በ23 ዓመታቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ሾንበርግ የማህለር ወራሽ መሆናቸውን ተከራክረው ነበር፤ በእርጅናቸው ደግሞ ያው ክርክር ወደ ራሳቸው ድምፅ ገባ።

ታዲያ የሠሩት በቁም ነገር ነው ወይስ ለቀልድ?

ቀልድ ነበረው፤ የሚዝናኑበትም ነገር ነበር። ሾንበርግም ቢሆኑ ቀልድ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን አንድን ነገር ሃያ ዓመት ያህል መሥራት፣ ዘፈን መድረስ፣ ከባንድ ጋር መለማመድና በየምሽቱ መድረክ ላይ መውጣት በዋዛ የሚደረግ አይደለም። ስለ እሳቸው የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች «ፓንክ የሆነችው አያት» በሚል ዓይነት ፈገግታ ያልፏቸዋል። ይህ አያያዝ ሁለት ጊዜ ይበድላቸዋል፦ በመጀመሪያ ምሁሯን ይረሳል፤ ቀጥሎም አሮጊት ሴት ጮክ ብላ መዝፈኗ በራሱ ሊያስቅ ይገባል ብሎ ያስባል።

ፊልም ላይ ተሳትፈዋል?

አዎን። በ1995 ስለ እሳቸው «ዲካ፦ መርደር ሲቲ» የተባለ ፊልም ተሠርቷል፤ በዚያው ዓመት በወጣ «ክሪፕ» በተባለ አነስተኛ በጀት ባለው አስፈሪ ፊልም ላይም ተውነዋል። የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር ማይክል ዲ ሙር ሲሆኑ፣ በስም መመሳሰል የተነሳ ከታዋቂው የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ጋር እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ተመሳሳይ መንገድ የሄደ ሌላ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ አለ?

ከሁሉ የሚቀርበው ሪስ ቻተም ነው። በ1952 በኒው ዮርክ የተወለደው ይህ ደራሲ ክላሲካልና ሚኒማሊስት (ጥቂት ድምፆችን እየደጋገመ የሚገነባ) ሙዚቃ ተምሮ ካደገ በኋላ፣ በ1976 ሲቢጂቢ በተባለው የኒው ዮርክ የሙዚቃ ቤት ራሞንስን ሰምቶ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ዞረ፤ በቀጣዩም ዓመት ለጊታሮች የታወቀ ሥራ ጻፈ። ልዩነቱ የዕድሜ ነው። ቻተም ወደ ፓንክ ሲመጣ በሃያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ፓንክን የፈጠረው ትውልድ የራሱ ትውልድ ነው። ዲካ ኒውሊን ግን ከራሞንስ አባላት ወላጆች ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ ተከብሮ የተደላደለ ስምም በእጃቸው ነበር።

ሥራቸውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

የሙዚቃ ትምህርት ያለው አንባቢ በ1947 ከታተመው መጽሐፋቸው ቢጀምር ይጠቀማል፤ በ1978 ተሻሽሎ ስለታተመ ሁለተኛውን ዕትም መምረጥ ይሻላል። ኖታ ማንበብ ለማይችል ሰው የተሻለው መግቢያ በ1980 የታተመው የተማሪነት ማስታወሻቸው ነው፤ በውስጡ የሚያስቸግር የሙዚቃ ቃል ቢያጋጥም እንኳ ታሪኩ አይቋረጥም። ከዚያ ቀጥሎ «ፒዬሮ ሉኔር»ን ከግጥሙ ትርጉም ጋር ይዞ ማዳመጥ፣ በተለይም ከላይ የተጠቀሰውን አሥራ ስድስተኛውን ክፍል ደጋግሞ መስማት ይጠቅማል፤ ክፍሉ አጭር ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። የሪችመንዱን ቅጂዎቻቸውን ከእሱ በኋላ የሚሰማ ሰው ጩኸቱ ውስጥ ምቱ ምን ያህል ሳይዛነፍ እንደተጠበቀ ያስተውላል።